የተረፈብን ገብስ

ሰው በጉድለት ይከሰሳል፤ እኛ የተከሰስነው በትርፍ ነው። ይህን ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይመጣል። የቱ እንደሚቀድም አላውቅም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሮቤ ላይ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ማትሪክ አልመጣልኝ ብሎ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። መቀመጥ እንኳ አይባልም፤ ከጎረቤቱ ሁሉ ጋር ስነታረክ ነበር የምውለው። «ይህን አፍሽን የሚችል መሥሪያ ቤት ካለ ሂጂና ተቀጠሪለት» ትለኝ ነበር እናቴ። ተገኘላት። የከተማው ሴቶች ማኅበር የሕፃናት ማቆያ ከፍቶ ሒሳብ ያዥ ይፈልግ ኖሯል። ቁጥር ስለምወድና አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ስለማቀላጥፍ ቀጠሩኝ። ደመወዙ ቢነገር ያስቃል፤ ግን የራሴ ጠረጴዛ፣ ቁልፉ በእጄ የሆነ መሳቢያና ክብ ማኅተም ነበረኝ። ማኅተሙን ስመታ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እንዲንቀጠቀጥም እፈልግ ነበር።

ማቆያው የተከፈተው በመንግሥት እርሻ ላይ የቀን ሥራ ለሚሠሩ እናቶች ነው። ጎህ ሲቀድ ትራክተር በተሳቢው ጭኗቸው ወደ ሲናና ይሄዳል፤ ስንዴ ሲያርሙ ውለው ሲመሽ ይመለሳሉ። ከዚያ በፊት ልጆቻቸውን የት ያደርጓቸው ነበር ቢባል፣ ቤት ይቆልፉባቸው ነበር። ምን ያድርጉ፤ ይዘዋቸው እንዳይሄዱ አሠሪው አያስገባም፣ አብረዋቸው እንዳይውሉ የሚበላ የለም። እኛ ሰፈር አንዲት ሴት አንድ ቀን ከአረም ስትመለስ ትንሹ ልጇ እሳት ላይ ወድቆ ጠበቃት። ልጁ በሕይወት ተረፈ፤ ቀኝ እጁ ግን ከዚያ ወዲህ ተዘርግቶ አያውቅም። ማቆያው የተከፈተ ቀን ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ የቆመችው እሷ ነበረች።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ገበያ ውስጥ ጨው፣ ስኳርና ሻሽ የሚሸጡ ሙስሊም እናት ነበሩ። ከልጅ እስከ ሽማግሌ አዴ ነው የሚላቸው፤ በኦሮምኛ የምትከበር ሴት የምትጠራበት ነው። አማርኛን የተማሩት እዚያው ገበያ ነው፤ በዋጋ ሲከራከሩ ማንም አይችላቸውም። የቢሮ አማርኛ ሲመጣ ግን ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ወደ እኔ ያያሉ። ሌላዋ እትዬ የምንላቸው ባልቴት ነበሩ፤ ወጥ ቤቱም ግምጃ ቤቱም በእሳቸው እጅ ነው። የመንግሥት ንብረት የሚባል ነገር እንደ እሳት ይፈሩ ነበር። አንዲት ጆንያ ስትገባ ሚዛን ላይ ሳትወጣና ሳትጻፍ ከበሩ አታልፍም።

ለልጆቹ ምግብ መንግሥት ድጎማ ይሰጠን ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ ከጎባ ይላካል፤ ጎባ ያኔ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ስለነበረች ገንዘቡም ቁጣውም የሚወርደው ከዚያ ነው። ደንቡ አንድ ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ዓመት ገንዘብ በምን ላይ እንደዋለ በማስረጃ ካልታየ ሁለተኛው አይለቀቅም። ይህንኑ የሚያስታውስ ደብዳቤ መጣና በኮሚቴው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። «የተሰጣችሁን ድጎማ በአስቸኳይ እንድታወራርዱ» ይላል።

አዴ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝና፣ «አሁን ይሄ ደግ ነው?» አሉ።

«ምኑ አዴ?»

«ገንዘቡ ተበላ። ልጆቹ በሉት፣ አልሐምዱሊላህ። አወራርዱ ማለት ምንድን ነው? ጠላ ግዙበት ነው የሚሉን? እኔ ጠላ አልገዛም፤ ለሕፃን ደግሞ ጭራሽ።»

እትዬ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እየተንፈቀፈቁ ወጡ። እኔም ስቄ ስቄ ሲበቃኝ አስረዳኋቸው፤ አዴ የሚያውቁት ማወራረድ የበሉትን በመጠጥ ማውረድ ነው፣ በቢሮ ቋንቋ ግን የወሰዱትን ገንዘብ በወጪ ማስረጃ መዝጋት ነው አልኳቸው። «ታዲያ እንዲያ ብለው አይጽፉም?» አሉ። «ሆድ የገባ ነገር ደግሞ ምን ማስረጃ አለው? መጥተው ልጆቹን ይዩአቸዋ። ጉንጫቸውን ይዩ።» ጉንጭ በሪፖርት ላይ እንደማይለጠፍ ለማስረዳት ሌላ ግማሽ ሰዓት ወሰደብኝ።

ትልቁ ችግር ደረሰኝ ነበር። ገብስ የምንገዛው ከገሰራ ገበያ ነው፤ ከሮቤ ይረክሳል። ገሰራ ላይ ገብሷን ዘርግታ የተቀመጠች ገበሬ ደግሞ ማኅተም ያለው ደረሰኝ አትቆርጥም። ለዚህም ደንቡ መላ ነበረው። ደረሰኝ ለማይገኝበት ግዢ ሦስት የኮሚቴ አባላት «በዚህ ዋጋ ይህን ያህል ቁና ገዝተናል» ብለው ይፈርማሉ። አዴ ይገዛሉ፤ ከእኔና ከአንዲት ሌላ አባል ጋር ሆነው ይፈርማሉ፤ እትዬ ሲገባ በኪሎ መዝነው ይመዘግባሉ። ግዢው በቁና፣ ግምጃ ቤቱ በኪሎ ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው አልነበረም፤ እኔም ያዩታል ብዬ አላሰብኩም። ፋይሉን በጥቁር ክር ጠርዤ፣ የበዓል ቀሚሴን ለብሼ ጎባ ድረስ ወስጄ አስረከብኩ። በሆዴ የምስጋና ደብዳቤ እጠብቅ ነበር።

የመጣው ኦዲተር ነው። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር፤ የባሌ ብርድ አልቻለውም፤ ሁለት ሹራብ ደርቦ በላዩ ካፖርት ይለብስና አንገቱን በፎጣ ይጠቀልላል። ትሑት ነው፤ ሴት ስትገባ ይነሳል። ሚዛን ላይ ግን ሰው አያምንም፤ የራሱን የእጅ ሚዛን በቆዳ ከረጢት ይዞ መጣ። ጆንያውን አንድ በአንድ መዘነ፤ ቁናውን ወደ ኪሎ ቀየረ፤ የወጣውን ከገባው ቀነሰ። ከዚያ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ትርፍ አለ» አለ።

እኔ እኮ ደስ ብሎኝ ነበር። «ተመስገን» አልኩ።

«ጓዲት፣ ትርፍ ከጉድለት አይሻልም» አለኝ። «ጉድለት ከሆነ ሰው ወስዷል። ትርፍ ከሆነ ደግሞ ወይ የገዛችሁበት ዋጋ ውሸት ነው፣ ወይ የሌላ ሰው እህል እዚህ ተቀምጧል።» ይህን ብሎ ወደ አዴ ተመለከተ።

ያቺ አስተያየት ምን ማለት እንደነበረች የዚያን ጊዜ ሰው ያውቃል። እህል በኮታ ለመንግሥት የሚሰጥበት ጊዜ ነበር፤ ነጋዴ እህል ደበቀ ከተባለ ወዮለት። አዴ ነጋዴ ናቸው። የጨው ነጋዴ ናቸው ብሎ ማን ይሰማል?

አዴ ግን አልደነገጡም። «ምርቃት ነው ልጄ» አሉት።

ምርቃት መቼም ሻጭ ለገዢ ከልኩ በላይ ጣል የምታደርገው ነው። እሱም ያውቀዋል። «እናቴ፣ ምርቃት አንድ ቲማቲም ነው። ሁለት ቃሪያ ነው። ጆንያ ሙሉ ምርቃት አይቼ አላውቅም» አላቸው። ከዚያም እያዘነ፣ ማዘኑ በፊቱ ላይ እየታየ፣ ግምጃ ቤቱን አሸገው። ወረቀት በሙጫ ለጠፈ፣ ፈረመበት፣ ቀኑን ጻፈ። ትርፉ ካልተብራራ ሒሳቡ አይወራረድም፤ ካልተወራረደ ሁለተኛው ድጎማ የለም፤ ድጎማ ከሌለ ማቆያ የለም።

እዚህ ላይ ጠባዬን አልቻልኩትም። ጠረጴዛውን በመዳፌ መታሁና፣ «ቢጎድል ሌባ ትሉናላችሁ፤ ቢተርፍም ሌባ ትሉናላችሁ። ስንት ግራም ቢሆን ነው እንደ ሰው የምታዩን? የተረፈውን መንገድ ላይ ልንደፋው ነበር?» አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩት፤ አንዳንዱን አሁን ብጽፈው እናቴ ከመቃብር ተነስታ ትቆጣኛለች። እሱ እስክጨርስ ሰማኝና፣ «ትክክል ልትሆኚ ትችያለሽ። ግን ንዴትሽን በየትኛው ዓምድ ላይ ልጻፈው?» አለኝ።

በማግስቱ ማለዳ እናቶቹ እንደ ልማዳቸው መጡ። በሩ ተከፍቷል፤ ምድጃው ግን አልተለኮሰም። ወሬው ቀድሞን ነበር። ያቺ የልጇ እጅ የተቃጠለባት ሴት ልጇን ከጀርባዋ ሳታወርድ አጥሩ አጠገብ ቆመች። ትራክተሩ በክላክስ እየጠራ ነው።

«ይዘጋል እንዴ?» አለችኝ።

«አይዘጋም።»

«እውነት?»

«አይዘጋም አልኩሽ» ብዬ ጮህኩባት። ማን ሥልጣን ሰጥቶኝ እንደሆነ እንጃ። እሷ ግን አመነችኝ፤ ልጁን አውርዳ ሰጠችኝና እየሮጠች ተሳቢው ላይ ወጣች። ልጁን ታቅፌ ወደ ውስጥ ገባሁ። ያን ቀን አዴ ከቤታቸው ዱቄት አስመጥተው ልጆቹ በሉ። እሳቸውም ዱቄቱን ሲያስረክቡ ጣታቸውን እያወዛወዙ፣ «ይሄን ደግሞ እንዳትጽፊው። ሌላ ትርፍ ታመጭብናለሽ» አሉኝ።

መላውን ያመጡት አዴ ናቸው። ኦዲተሩ ቁጭ ብሎ ወረቀት ሲያገላብጥ መጡና፣ «ልጄ፣ አንተ እህል ገዝተህ ታውቃለህ?» አሉት።

«እኔ ሆቴል ነው የምበላው።»

«ነገ የገሰራ ገበያ ነው። ናና ግዛ። አንተ ክፈል፣ አንተ መዝን። እኛ አንነካም።»

እስክሪብቶውን አገጩ ላይ አድርጎ አሰበ። ዋጋ በቦታው ማጣራት ሥራው ውስጥ እንዳለ ደንቡን አውጥቶ አየ። ሰው ሲጋበዝ ደንብ የሚያወጣ እሱን ብቻ ነው ያየሁት። «እሺ» አለ።

ጠዋት በጭነት መኪና ሄድን። እሱ ጋቢና ተቀመጠ፣ ፎጣው እስከ ዓይኑ ደርሷል፤ አዴና እኔ ከኋላ ከጆንያ ጋር ነን። ገሰራ ስንደርስ ገበያው ደምቆ ነበር። አዴ ሰላምታ እየሰጡ፣ የከብቱንም የልጁንም ደኅንነት እየጠየቁ ወደ እህል ተራው ወሰዱንና አንዲት ሸምገል ያሉ ገበሬ ፊት ቆሙ። ሴትዮዋ አማርኛ አይሰሙም፤ አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ።

ኦዲተሩ ዋጋ ጠየቀ፣ ከፈለ፣ ጻፈ። ሴትዮዋ ቁናውን ሞልተው ጆንያው ውስጥ ገለበጡ። አዴ ጎንበስ አሉና አንዲት ቃል ብቻ ጣል አደረጉ፤ «ኢጆሌዳፍ» አሉ። ለልጆች ነው ማለታቸው ነው። ሴትዮዋ ቀና ብለው አዩን። በመንግሥት እርሻ የሚሠሩ ሴቶች ልጆች እንደሆኑ አዴ ነገሯቸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ በዓይኔ ባላይ ኖሮ ኦዲተሩን እደግፍ ነበር። ሁለት እጃቸውን ገብሱ ውስጥ እስከ ክርናቸው ከትተው ቢስሚላሂ እያሉ ይዝቁ ጀመር። አንድ ጊዜ፣ ደግመው፣ እንደገና።

«ይበቃል» አለ ኦዲተሩ። «በያቸው ይበቃል። በልኩ ነው የምፈልገው።»

ነገርኳቸው። ሴትዮዋ እጃቸው ገብስ ውስጥ እንዳለ ቆም አሉ። «ይሄ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አሉኝ።

«ትርፍ ያስጠይቀዋል።»

«እኔ መልስልኝ ብዬዋለሁ?» ብለው የበለጠ ጨመሩበት።

ኦዲተሩ ተንበርክኮ ከጆንያው እየዘገነ ወደ ሴትዮዋ ክምር ይመልስ ጀመር። ይህን ያየች አጠገብ የተቀመጠች ሻጭ ጮኸች። ምርቃት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ እሱ አልገባውም፤ እዚያ አገር የሰጡህን ምርቃት ብትመልስ ሰጪዋን እጅሽ የተረገመ ነው እንዳልካት ነው። ሴቶቹ ተነስተው ከበቡት። ሁለት ሹራብ ያደረገ ሰው በገሰራ ብርድ ሲያልበው አየሁ። አዴ ብቻ ናቸው ያስጣሉት፤ «አላወቀም፣ ልጅ ነው፣ አገሩ ሩቅ ነው» ብለው አስታረቁት። ጎረቤቲቱ ሻጭ ደግሞ ለዕርቁ ብላ ከራሷ ቁና ላይ እፍኝ ሙሉ ጨመረችለት። ሌላዋም ጨመረች። በያንዳንዱ እፍኝ እሱ ዓይኑን ይጨፍናል።

ሚዛኑን አወጣና ጆንያውን አንጠለጠለ። እጁ ሲወርድ፣ መርፌዋም ስትወርድ አየሁ። የከፈለበትን አሰበ፤ የያዘውን አሰበ። ቀና ሲል እኔ ፊቱ ቆሜያለሁ፤ ይህን ጊዜ ለምንም አልለውጠውም።

«እንግዲህ ይህ ትርፍ የማን እህል ነው?» አልኩት። «ማን ደበቀው? ያሽጉት እንጂ።»

ከፎጣው በላይ ያለው ፊቱ ቀላ።

ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አላበቃም። ሪፖርቱ የታተመ ቅጽ ነው፤ ገቢ የሚጻፍበት ቦታ ሦስት ብቻ ነው። የመንግሥት ድጎማ፣ የአባላት መዋጮ፣ እርዳታ። እርዳታ የሚለው ደግሞ የሰጪውን ስምና ፊርማ ይጠይቃል። ኦዲተሩ ለሴትዮዋ ወረቀትና የጣት ቀለም ዘረጋ። ሴትዮዋ እጃቸውን ወደ ጋቢያቸው ሳቡ። «ጣቴን አልሰጥም» አሉ። «ዛሬ ወድጄ የሰጠሁትን ከጻፍክብኝ፣ ነገ ይሄን ያህል ትሰጪ ነበር ብለው ኮታ ይጭኑብኛል።» ተረጎምኩለት። የተማረው ሁሉ ሰጪው ስለሚታወቅ ገንዘብ ነው፤ ወድዶ ሰጥቶ እንዳይጻፍበት ስለሚፈልግ ሰው ግን አልተማረም። ወረቀቱን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ሴትዮዋን በኦሮምኛ እንዴት እንደሚያመሰግን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ አጣሞ ተናገረው፤ ሴቶቹ ሳቁለት።

ሮቤ ተመልሰን ቢሮዬ ውስጥ ተቀመጥን። ከቅጹ ግርጌ ባዶ ቦታ ላይ በማስመሪያ አንድ መስመር አሰመረ። ገቢ ብሎ ጀመረና ቆመ፤ ከዚያ በደንብ አድርጎ «ምርቃት» ብሎ ጻፈ። ማስረጃ በሚለው ላይ ሰጪ ስለሌለ የራሱን ስም አሰፈረና ፈረመ።

«አሁን ወጪውን» አለ። «ገና በግምጃ ቤት ያለው አለ። የወጣው ትርፍስ? ለልጆቹ በቀን አንድ ምግብ ነው የተፈቀደው። ከዚያ በላይ የወጣው ምን ሆነ?»

«ማርቃ» አሉ አዴ።

«እሱን ጽፌዋለሁ እናቴ፤ ምርቃት።»

«ምርቃት አይደለም። ማርቃ።»

«አዎ፤ በትክክል ሲጻፍ ምርቃት ነው።»

አዴ በእኔ ላይ እንኳ አጥተውት የማያውቁትን ትዕግሥት ሊያጡ ነው። እኔ ሳቄ አፍኖኝ መናገር አልቻልኩም። እትዬ ናቸው ከበሩ ሆነው፣ «ልጄ፣ ማርቃ ገንፎ ነው በኦሮምኛ። እናቶቻቸው አምሽተው ነው የሚመጡት፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ይራባሉ። በተረፈው ገብስ ሁለተኛ ገንፎ አበላቸዋለሁ» ያሉት። ያልተፈቀደ ምግብ አብልተው የተያዙ መስሏቸዋል።

አዴ ጣታቸውን ቅጹ ላይ አደረጉ። «ይኸው» አሉ። «ምርቃት ሆኖ ገባ። ማርቃ ሆኖ ወጣ።»

ኦዲተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ድምፅ የሌለው ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ሳቅ ነው። ፎጣውን ከአንገቱ ፈታ፤ ጻፈው።

ሪፖርቱ የሚጸድቀው ጎባ፣ በክፍለ ሀገሩ ቢሮ አዳራሽ ነበር። ድጎማ የሚቀበሉ ማኅበራት ሁሉ ተጠርተዋል፤ ከደሎ መና ሳይቀር ሌሊቱን በአውቶቡስ የመጡ ነበሩ። የቢሮው ኃላፊ የእያንዳንዱን ሪፖርት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ የሚያጠያይቅ ካለ ተወካይዋ ትነሳለች። የእኛ ተራ ደረሰ። አዴ አጠገቤ መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። ኃላፊው እያነበቡ ከግርጌው ደረሱና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ገቢ፣ ምርቃት። ወጪ፣ ምርቃ... ማርቃ። ይህ የጽሕፈት ስሕተት ነው?»

አዳራሹ ከኋላ ጀምሮ ሳቀ። መጀመሪያ ኦሮምኛ የሚያውቁት፣ ቀጥሎ የተተረጎመላቸው። ኃላፊው ግን አልሳቁም። ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉና፣ «የመንግሥት ገንዘብ በቀልድ አይወራረድም። ማን ነው ይህን የጻፈ?» አሉ።

ልነሳ ስል አዴ ቀሚሴን ያዙኝ። ኦዲተሩ ቀድሞኝ ተነስቷል። ፎጣውን ጭራሽ ትቶት መጥቷል፤ አንገቱ እንዴት ቀጭን ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ። «ትርፉን አጣርቻለሁ። ገሰራ ሄጄ፣ በራሴ ገንዘብ ገዝቼ፣ በራሴ ሚዛን መዝኛለሁ። በልኩ ሽጡልኝ ብዬ ለምኛለሁ፤ እምቢ አሉኝ።» ቀጠለና፣ «እኔ የተመረቅሁት አዲስ አበባ ነበር፤ የሒሳብ ሥራ ላይ። አሁን ግን ገሰራ ላይ እንደገና ተመርቄያለሁ። ማስረጃው እኔ ነኝ» አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተነቃነቀ። ከጊኒር በኩል የመጡ ሴቶች እልል አሉ። ኃላፊው እጃቸውን ለማንሳት ሞክረው ተዉት፤ እሳቸውም ከንፈራቸውን ነክሰው ሲስቁ አየኋቸው። «ሌሎቻችሁም ምርቃት አለባችሁ?» ብለው ጠየቁ። በአዳራሹ ውስጥ ያልተነሳ እጅ አልነበረም። ሁሉም እኮ ሲደብቁት የኖሩት ነው፤ በትርፍ እንዳይጠየቁ ገብሱን እያሳነሱ ሲመዝኑ ነው የከረሙት። እኛ ብቻ ነን የእትዬን ሚዛን አምነን እንዳለ የጻፍነው። ኃላፊው ሪፖርታችን ላይ ጸድቋል ብለው ፈረሙ። እኔ አለቀስኩ። አዴም፣ «አሁን ምን ያስለቅስሻል፣ ስትሳደቢ አላለቀስሽ» አሉኝ፤ የሳቸውም ዓይን ግን ደረቅ አልነበረም።

እሽጉ የተነሳው በማግስቱ ማለዳ ነው፤ ትራክተሩ ከመምጣቱ በፊት። እናቶቹ አጥሩ አጠገብ ተሰብስበው ነበር። ኦዲተሩ ወረቀቱን ከበሩ ላይ በጥፍሩ ላጠው። እትዬ ገብተው ገብሱን በእጃቸው ነካኩት፤ ከዚያ ወደ ምድጃው ሮጡ። ያቺ ሴት ልጇን ይዛ ከፊት ቆማለች። ምንም አልጠየቀችኝም፤ ልጁን ሰጠችኝ፣ ትከሻዬን በእጇ ጫን አደረገችና ሄደች። ዛሬም ድረስ ከተሸለምኩት ሁሉ ያችን ትከሻዬ ላይ ያረፈች እጅ አስቀድማለሁ።

ኦዲተሩ ወደ ጎባ የሚመለስበት አውቶቡስ እስኪደርስ አዴ አስቀመጡት። ከልጆቹ መሐል፣ ዝቅተኛው አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩ ጋ ደርሶ ተቀመጠ። ማርቃው መጣለት፤ ሞቅ ያለ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ የተደረገበት። እጁ የማይዘረጋው ልጅ አጠገቡ ተቀምጦ በግራ እጁ ይበላል፤ ከእሱ ሳህን ላይም ዘገነ። ሳህኑ ባዶ ሲሆን አዴ ትልቅ ኩባያ ወተት ይዘው መጡና ሰጡት።

«በል አሁን አወራርድ» አሉት።

ጠጣው። አፉን በእጁ ጠርጎ ሲነሳ እኔ የዕቃ ወጪ ቅጽ ይዤ ፊቱ ቆምኩ። አንድ ሳህን ማርቃ፣ ለኦዲተር ይላል። ማኅተሙን መትቼበት ነበር፤ ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ።

«ሳይፈርሙ አይሄዱም» አልኩት። «ነገ ጉድለት ብለው ይመጡብናል።»

ቅጹን ልጁ ጀርባ ላይ አስደግፎ ፈረመ።